ዳለቻ ቀለም ፍለጋ

ሰው የሠራውን ሞኝነት ሲያወራ "ልጅ ሳለሁ" ብሎ ይጀምርና ግማሹን ጥፋት በልጅነቱ ያሳብባል። እኔ ይህ ዕድል የለኝም። ይህን ጉድ የሠራሁት የሦስት ልጆች አባት ሆኜ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ቆይቼ፣ ሰው "አቶ" ብሎ በሚጠራኝ ዕድሜ ነው። ባጃጅ ከሚሴን በወረረበት ሰሞን መሆኑ ነው። ከተማው ሁሉ ስለ አዲስ ባጃጅ ሲያወራ እኔ ስለ አሮጌ ላንድሮቨር እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ላንድሮቨሯ የአባዬ ናት። ከሚሴ ውስጥ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ሁሉ ወይ ተሳፍሮባታል ወይ ገፍቷታል፤ አብዛኛው ሁለቱንም አድርጓል። አባዬ በእሷ ከከሚሴ ባቲ፣ ከባቲ ከሚሴ፣ ሰውና ፍየል፣ ጨውና ሙሽራ ሲያመላልስ ኖሮ ሁለቱም ሲደክሙ ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ሥር አቆማት። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቻችን ኋላ ወንበሯ ላይ ይጥላሉ፤ ባለቤቴ ዘሀራ ኮፈኗ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። አባዬ ግን ከኮምቦልቻ መካኒክ እያስመጣ ሞተሯን በየጊዜው ያስነሣታል። የትም ላትሄድ! ድምፅዋን ከሰማ ይበቃዋል።

ድምፅዋን አልኩ እንጂ መልኳንማ ካያት ቆይቷል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰው የሚለየው በኮቴ ነበር። ደሴ ወስደን እናሠራህ ስንለው፣

"ዓይኔን በስለት? አዑዙቢላህ!" ይላል።

ሦስት ዓመት ለመንነው። ሽማግሌ ላክንበት። ታላቅ እህቴ ፋጡማ ከደሴ ድረስ መጥታ አልቅሳ ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ አስቤበት ሳይሆን አፌ አምልጦኝ፣

"አባዬ፣ ዓይንህ ሲበራ ላንድሮቨርህን የገዛሃት ቀን በነበራት ቀለም ቀብቼ አሳይሃለሁ" አልኩት።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረና፣

"የገዛኋት ቀን በነበራት?"

"በነበራት።"

"በሉ ጫማዬን አምጡ" አለ።

ሐኪሙ አንዱን ዓይን አሁን፣ ሌላውን ከወር በኋላ ነው የምሠራው ብሎ ነበር። አባዬ መኪና ሲሳፈር ይህን ሰምቶ የራሱን ውል ጨመረበት።

"እንግዲህ ስሙኝ። አንደኛው ዓይን የሚያሳየኝን አያለሁ። ከወደድኩት ሁለተኛውን አሠራለሁ። ካልወደድኩት ሞራዬን ለቀቅ አድርጉልኝ።"

ነገሩ ገባችሁ? የአባቴ ሁለተኛ ዓይን በእኔ ቀለም ቅብ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የቀባሁት ነገር ቢኖር የራሴን ጫማ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ፣ አፌን በዘሀራ ሻሽ አስሬ፣ ላንድሮቨሯን ፍቅ ፍቅ! ለካ በሰው ልጅ ክንድ ውስጥ ይህን ያህል ጉልበት አለ። ሁለት ቀን ፈግፍጌ በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ብረት ብቻ አስቀረኋት። እየዞርኩ ሳደንቃት ዘሀራ የበርበሬ ሰፌዷን ታቅፋ መጣችና ቆመች።

"ያምራል" አለች። "የገዛት ቀን ቀለሟ ምን ነበር?"

ወይኔ ሰውዬው!

አላውቅም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሰማያዊ ነበረች፤ ግን ያም በብሩሽ የተደረበባት ነው። ስፍቃት ነጭም፣ ሰማያዊም፣ አረንጓዴም፣ ቡናማም ሲረግፍ አይቻለሁ፤ የቱ ከላይ የቱ ከሥር እንደነበረ ግን ማን ልብ ብሎ! ጥፍር የምታህል ቀለም እንኳ አላስተረፍኩም። መሬቱን በእጄ እየበረበርኩ ፍቅፋቂ ለመልቀም ብሞክር ዶሮዎቹ ጭረው ከአቧራው ጋር አደባልቀውታል።

ሮጬ የአባዬን ሣጥን ከፈትኩ። አንድ ፎቶ አለ፤ መኪናዋን የገዛ ሰሞን አጠገቧ ቆሞ የተነሣው። ጥቁርና ነጭ። በፎቶው ላይ መኪናዋ ግራጫ ናት። አባዬም ግራጫ ነው። ከኋላው ያለው ዛፍም፣ ሰማዩም ግራጫ ነው።

"ምን አስጨነቀህ፣ ባለቤቱ እያለ?" አለችኝ ዘሀራ። እውነቷን ነው፤ ደሴ አብራው ላለችው ለፋጡማ ደወልኩ። አባዬ ያን ጠዋት ተሠርቶ፣ ዓይኑን ታስሮ ተኝቷል። እሷ ስትጠይቀው በስልኩ ውስጥ እሰማለሁ።

"አባዬ፣ መኪናዋን የገዛሃት ቀን... ቀለሟ ምን ነበር?"

በሽተኛ በማይመስል ድምፅ፣ "ዳለቻ!" አለ። "ዳለቻ ነዋ! ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ሰማያዊ የሚል። ትከሻው ላይ ጠቆር የሚል። ወይ ውበት! ወይ ቁመና!"

ትከሻ ያለው የጎማ መሸፈኛዋን፣ ፓራፋንጎውን ነው ብዬ ተረዳሁ። ሹፌር መኪናውን ሲወድ የማይሰጣት የሰውነት ክፍል የለም።

ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። ሁሴን የከተማችን ቀለም ቀቢ ነው። የሱቅ ስም፣ የመስጊድ በር፣ የሙሽራ ሣጥን፣ የጋሪ ጎን፣ በከሚሴ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ሥራውን ስለሚያከብር ቶሎ አይስቅም። "ዳለቻ ቀባልኝ" ስለው የቀለም ካታሎጉን አወጣ። አገላበጥነው። የፈረንጅ ግራጫ ሃያ ዓይነት አለ፤ ዳለቻ የለም።

ይህን ጊዜ ጎረቤት ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ዳለቻ የማያውቅ የት አለ? አንዱ "አመድ ነው" ይላል። ሌላው "አመድማ አመድ ነው፤ ዳለቻ ጭስ ነው" ይላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪዋን በመንገድ ላይ ትቶ መጥቶ "የእርግብ ደረት ነው" ብሎ ሲከራከር፣ ሴትዮዋ ራሷ ወርዳ መጣችና "እርግብም አይደለም፤ የአጎቴ በሬ ነው!" አለች። ሁሴን ራሱን ነቀነቀ።

"ልክ ነች። ቀለም በወሬ አይበጠበጥም። ዳለቻ የበሬ መልክ ነው፤ በሬው ካለበት ሄደን ነው የምንበጠብጠው።"

እናም በገበያው ቀን ጨፋ ሮቢት ወረድን። ሁሴን ነጭ፣ ጥቁርና ትንሽ ሰማያዊ በየጣሳው ይዟል፤ እኔ የቀለም ማቅጠኛ ቲነርና መበጥበጫ እንጨት ይዣለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በቲነሩ ሽታ መስኮት ሁሉ ከፍቶ ሄደ።

የከብት ተራ ገብታችሁ የምታውቁ እንደሆነ፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ ያስኬደዋል። እኛ ግን ከበሬው ሦስት እርምጃ ራቅ ብለን አንገታችንን ዘንበል አድርገን፣ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን እናያለን። ደላሎቹ ግራ ገባቸው። ከመቶ በሬ በኋላ አገኘነው። ወላሂ አባዬ ያለው ራሱ ነው! ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፤ ትከሻው ላይ ጠቆር ይላል። ባለቤቱ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አባ ይማም ይባላሉ።

"አካም ጅርቱ፣ አባቴ" አለ ሁሴን በኦሮምኛ።

"አልሐምዱሊላህ። ጥርሱን እዩ!" አሉ።

"ጥርሱ ይቆየን።"

"እሺ አረማመዱን እዩ!"

"እሱም ይቆየን።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምትገዙት?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "አባቴ ሆይ፣ ለመኪና ቀለም ነው" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እኔ ግን ዕብድ እንዳይሉኝ ፈራሁና ኮስተር ብዬ፣ "ገና እያየነው ነው" አልኩ። የገዢ ፊት ይዤ ቆምኩ። አንድ የባቲ ነጋዴም በሬውን ሊገዛ ዋጋ ሲነጋገር ነበርና፣ እኛን ሲያይ ተፎካካሪ የመጣበት መስሎት ጨመረ። አባ ይማም ደስ አላቸው፤ እኛን ጥላ ሥር ጋበዙንና ፊታቸውን ወደ ነጋዴው መለሱ።

ሁሴን ከበሬው ኋላ ቁጢጥ ብሎ በጣሳ ክዳን ላይ ይበጠብጥ ጀመር። ጥቁር ጠብ። ነጭ ጠብ። ሰማያዊ በእንጨት ጫፍ። ክዳኑን ወደ በሬው ያስጠጋል፣ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ጠብ። እኔ ትዕግሥት አለቀብኝ።

"ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ በምን ታውቀዋለህ?" አልኩና ጣቴን ነክሬ የበሬው ታፋ ላይ ቀባ አደረግኩት።

ጠፋ! ቀለሙ ከጠጉሩ ጋር አንድ ሆኖ ጠፋ። "ልክ መጣ!" ብዬ ጮህኩ፤ በደስታ መዳፌን ሙሉ ነክሬ ደገምኩት።

አባ ይማም ዞሩ። ሁለት ሰዎች በሬያቸውን እየቀቡ ነው።

"መል ጎታ?!" ብለው ጮኹ። ምን እየሠራህ ነው ማለታቸው ነው፤ ግን በዚያ ድምፅ ኦሮምኛ የማያውቅም ይገባዋል።

አያችሁ፣ በከብት ተራ በሬ የሚቀባ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ የሰረቀውን ከብት መልክ የሚለውጥ ሌባ። ነጋዴው ሮጦ መጣ፣ ታፋውን በእጁ አሻሸና ጣቱን ለሕዝቡ አሳየ። ጣቱ ዳለቻ ሆኗል።

"ይህ በሬ የተቀባ ነው!" አለ። "ሽማግሌው፣ ከሥሩ ምን መልክ ነው ያለው?"

ሌባ ሊያስይዙ የጮኹት አባ ይማም ራሳቸው ተጠርጣሪ ሆኑ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። አንዱ ጣቱን በምራቅ አርሶ ያሻል፤ አንዱ ጭራውን ገልጦ ያያል። "ከሥሩ ቀይ ነው" ይላል አንዱ። ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ረዥም ሰው ሰውን እየገፋ መጣና፣ "የእኔ የጠፋው በሬ ጥቁር ነበር! እስቲ ፋቁት!" አለ። ሁሴን ነገሩን ሊያበርድ ቲነሩን ከፈተ። በሬው ቲነር ሸቶት አያውቅም። አንዴ ሲራገጥ ነጩ ጣሳ ተነሥቶ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ ተደፋብኝ።

በዚያው ሱሪ ሽማግሌዎች ፊት አቀረቡን። ዛፍ ሥር አራት ሆነው ተቀምጠዋል። አሁን መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የአባቴን ሞራ፣ ውሉን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን፣ ፎቶውን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን እንደ ቀለም ሥራ ነበር የያዝኩት። እዚያ ቆሜ "አባቴ ሁለተኛውን ዓይኑን አያሠራም" ስል ግን አለቀስኩ። አሳፋሪ ነው፤ ግን አለቀስኩ።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ትክ ብለው አዩኝ።

"የዚያ ባቲ ይመላለስ የነበረው ባለላንድሮቨር ልጅ ነህ? እኔንም ከነፍየሌ ጭኖኛል።"

ዕንባዬን እንኳ ሳልጠርግ፣ "ቀለሟ ምን ነበር፣ አባቴ?" አልኳቸው።

አሰቡ፣ አሰቡና፣ "አቧራ" አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን፤ ነጋዴውም፣ በሬ የጠፋበትም። "ያረቢ፣ የአባቱን ዓይን አብራለት፤ ሁለቱንም" አሉ። "አሚን" አልን። ፍርዱ ከዱዓው በኋላ መጣ። አንደኛ፣ የተቀባውን ጠጉር በመቀስ እቆርጣለሁ። ሁለተኛ፣ በሬውን በአደባባይ ያሰደብኩት እኔ ነኝና፣ እስኪሸጥ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ለገዢው ሁሉ እመሰክራለሁ።

እናም ቆምኩ። "ወላሂ መልኩ የራሱ ነው! ከእናቱ የወጣበት ነው!" እያልኩ እስከ አሱር ሶላት ድረስ። ከወገቡ በታች ነጭ ቀለም የተደፋበት ሰው በሬው አልተቀባም ሲል ማን ያምናል? የባቲው ነጋዴ ሄደ። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ሱሪዬን፣ ቀጥሎ ታፋው ላይ የተላጨችውን ቦታ እያየ ይሄዳል። በኋላ አንድ ገበሬ መጥቶ እየሳቀ ሰማኝና ገዛው። አባ ይማም ቂም አልያዙም። ከተቆረጠው ጠጉር ቀለም ያልነካውን አንድ እፍኝ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ።

"በል፣ ለአባትህ መኪና ናሙና። አላህ ይወፍቅህ።"

ሁሴን ያንን ጠጉር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ ሙሉ ቀን በጠበጠ። ስቱኮውን ለጠፈ፣ አለሰለሰ፣ ጸረ ዝገቱን ቀባ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሣ። ግማሹን እንደረጨ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ከጨፋ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ የቤቱን አንሶላ ሁሉ አውጥተን በገመድ ሰቅለን ጋረድናት። ሁሴን እንደ ሰዓሊ ነው የሠራት። ፓራፋንጎዎቹን ጥቂት ጠቆር አድርጎ፣ ወደ በሮቹ ሲወርድ ቀስ እያለ ፈካ አደረገው። ሊጨርስ ሲል የኋላ ወንበሩ ባለቤት የሆነችው ዶሮ በአንሶላው ሥር ሾልካ በእርጥብ ኮፈን ላይ ተራመደች። ሁሴን ዱላ ይዞ ሲያባርራት ዕቃ ቤት ድረስ ሄደ። ደግመን ለመርጨት ጊዜ አልነበረም፤ በማግስቱ አባዬ ይመጣል።

ጎረቤት ለማየት መጣ። "ሲሚንቶ ቀባት እንዴ?" ያለ አለ። ዘሀራ ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣

"ማሻአላህ፣ ያምራል። ግን ሣር ቢሰጧት የምትበላ ነው የምትመስለው" አለች።

አባዬ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከፋጡማ ጋር ከሚኒባስ ወረደ። ማንም እጁን ሳይይዘው! በሩ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ዘሀራን አየ።

"ዘሀራ! አንቺማ ሸብተሻል!"

"አይ አባዬ፣ ልጅዎ ነው ያሸበተኝ።"

እኔን አየኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "አንተ ደግሞ ወፈርክ" አለኝ። ሳቅን። ሁሴን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሟል። አንሶላውን ገፈፍነው።

አባዬ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት።

"ይቺ የማን ናት?"

"ያንተ ናት፣ አባዬ።"

"የእኔዋ አረንጓዴ ናት" አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሁሴን ሸሚዙን መነካካት ጀመረ። በሬው፣ ጨፋ ሮቢት፣ ሱሪዬ፣ ሁሉም ከንቱ! ሁለተኛው ዓይን ሄደ ማለት ነው።

"ዳለቻ ብለኸን ነበር እኮ!" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ። "ስልክ ላይ! ፋጡማ ትመስክር! ትከሻው ላይ ጠቆር የሚል አልክ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት..."

አባዬ እጁን አነሣ። ወደ መኪናዋ ተጠጋና ጠቆር ያለውን ፓራፋንጎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ቀስ አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች።

"ዓይኔ ታስሮ ነበር" አለ። "ፋጡማ 'የገዛሃት ቀን' አለችኝ። የገዛኋት ቀን ስትሉኝ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ዳለቻዬ። ከጥጃነቱ ያሳደግኩት በሬ። እሷን ለመግዛት እሱን ባቲ ወስጄ ሸጥኩት። ነጋዴው ሲነዳው ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩበት። ለእናታችሁም ነግሬያት አላውቅም።"

ፋጡማ በሻሽዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

"አብሽር አባዬ" አልኩ ሲጨንቀኝ፤ "ነገውኑ ፍቀን አረንጓዴ እናደርጋታለን።"

"ነገውኑ?" አለ ሁሴን በሹክሹክታ።

"ማንም እንዳይነካት!" ብሎ ጮኸ አባዬ። እንዲህ ሲጮህ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ ነው። ከዚያ የተሠራውን ዓይኑን በመዳፉ ከደነና በሌላው አየ፤ ምንም። መዳፉን አነሣ፤ አየ። ደግሞ ከደነ፤ ደግሞ አነሣ። ጉንጩ ላይ ዕንባ ይወርዳል፤ ሐኪሙ ዓይኑን እንዳያሽ ስለከለከለው አይጠርገውም።

"ያ ሐኪም ለሁለተኛው መቼ ነው ያለኝ?" አለ።

"ከወር በኋላ።"

"ደውልለት። ቶሎ ያድርገው። በአንድ ዓይን አልጠገብኩትም።"